ሁሉም እንደ መስታወቱ ሆስት ይሁኑ

ጡረታ ወጣሽ ይሉኛል። ማስካት ውስጥ እንደ እኔ ላለ ሰው ጡረታ ማለት «ዕድሜሽ ገፍቷል፤ ቪዛሽን አናድስም» ማለት ነው። የነገሩኝ በፈገግታ ነው፤ ኬክም አስመጥተው ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ያለ ምክንያት ሲስቅልኝ ደስ አይለኝም። ማን እንዳዘዘው፣ በእኔ ስም ሌላ ምን እንደተፈረመ ሳሰላስል የኬኩ ጣዕም ሳይታወቀኝ አለቀ።

ልጄ «እማዬ፣ መጠርጠር ሥራሽ ሆነ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ደመወዝ የተከፈለኝ ለእሱ ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም። የልጅ ልጆቼ «አያታችን ኮምፒውተር ቤት ትሠራለች» ብለው ሲናገሩ ጓደኞቻቸው ይስቁባቸዋል አሉ። ይሳቁ። እኔ ግን የሠራሁትን ከነክፉ ከነደጉ ልጽፈው ተነሥቻለሁ። ስለ አንድ ሕንዳዊ መሐንዲስና ስለ አንዲት የከሚሴ ልጅም ሌላ ሰው እንደማይጽፍ አውቃለሁ።

ወደ ኦማን የመጣሁት በቤት ሠራተኛነት ነው። ቤቱ አዛይባ የሚባል የባሕር ዳር ሰፈር ነበር፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የባሕሩ ጨው ከአሸዋ ጋር መስኮቱ ላይ ይለጠፋል። እዚያ ቤት አብዝቼ ያጸዳሁት መጅሊሱን ነው፤ የእንግዳ መቀበያውን። እንግዳ ግን እምብዛም አይመጣም። ትራሶቹ ጠርዝና ጠርዛቸው እንደተስተካከለ፣ ምንጣፉ እንደተበጠረ ይውላል፣ ያድራል። እመቤቴ ማማ ሻምሳ በሩ ላይ ትቆምና «አስካለ፣ ቤቱ ሁሉ እንደ መጅሊሱ ይሁን» ትለኛለች።

እሺ ብዬ የአባቷን ክፍል እንደ መጅሊሱ አደረግሁት። የውሃ ኩባያቸውን፣ መድኃኒታቸውን፣ ምርኩዛቸውን ሰብስቤ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትሁ። ክፍሉ አማረ። ሽማግሌው ከቀን እንቅልፋቸው ነቅተው ምርኩዙን በእጃቸው ሲዳብሱ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፉ።

«አእምሮ የለሽም?» ብላ ጮኸችብኝ።

«ያዘዝሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ምርኩዝ አንሺ አልኩሽ?»

አላለችኝም። ሁለታችንም የየራሳችን እውነት ነበረን፤ የተሰደብኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሰው «ሁሉም እንደዚያኛው ይሁን» ሲል ጆሮዬ ይቆማል።

ከዚያ ቤት በሰላም ተለያይቼ አንድ የጽዳት ድርጅት ቀጠረኝ። ወጠያ በሚባል ሰፈር፣ ከመወልወላቸው ብዛት ሰማይ የሚያሳዩ መኪናዎች የሚሸጡበት አዳራሽ ወለል ስወለውል ጥቂት ዓመታት አለፉ። እዚያ መኪና ላይ ጭረት በታየ ቁጥር መጀመሪያ የምንጠራው ጽዳቶች ነን። አንድ ጊዜ ጓደኛዬን ከሰልፍ አውጥተው ሲያስለቅሷት «ቁልፍ የያዘ ሁሉ ይሰለፍ፤ ከሻጮቹም ጀምሩ» ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፤ ሻጮቹ ግን አልሳቁም። ጭረቱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀረ፤ ጓደኛዬም ሥራዋ ላይ ቀረች። እኔን ግን በወሩ ወደ ሩሰይል አዛወሩኝ። ቅጣት ነው ብዬ ነበር የሄድኩት።

ሩሰይል በፋብሪካና በመጋዘን የተሞላ ሰፈር ነው። እኔ የተላክሁበት ሕንፃ ከውጭ ሲያዩት መጋዘን ይመስላል፤ ውስጡ ግን እንደ በረዶ ቤት የቀዘቀዘ፣ የማያቋርጥ የማሽን ሁምታ ያለበት አዳራሽ ነው። ቁመታቸው ከሰው የሚበልጥ ጥቁር ቁም ሣጥኖች ተሰልፈዋል፤ በየሣጥኑ ውስጥ ጠፍጣፋ ብረቶች ተደርድረዋል። እኔ መሬቱን መጥረግ እንጂ ወደ ላይ ማየት አልተፈቀደልኝም።

ሚስተር ቫርጊስን ያወቅሁት አንዱን ብረት ሲሸከም ነው። ከኬረላ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ቀጭን፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ፣ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ትንሽ የእጅ ባትሪ የማይለየው። ብረቱ ለአንድ ሰው ከብዶት «ያላ፣ ያዢልኝ» አለኝ።

«ምን እንደሆነ ሳላውቅ አልይዝም» አልኩት።

«ከባድ ነው እኮ!»

«ለዚያ ነው የጠየቅሁህ። ብጥለው ስንት ሰው ይጮህብኛል?»

ብረቱን መልሶ አስቀመጠና ሳቀ። በሁለታችንም የተሰባበረ ዐረብኛ፣ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። እኛ የምንነጋገረው እስከ መጨረሻው በዚያ ቋንቋ ነበር፤ እኔ እዚህ በአማርኛ አስተካክዬ ነው የምጽፈው። እሱ «ቼቺ» ይለኛል፤ በአገሩ ታላቅ እህት ማለት ነው።

«ይህ ሆስት ይባላል» አለኝ። «ቤት በይው። በውስጡ ብዙ ኮምፒውተር አለ፤ ብትከፍቺው ግን አንዱንም አታገኚም። ተከራዮች ናቸው። አንዱ ተከራይ ክሊኒክ ነው፣ አንዱ መኪና ሻጭ፣ አንዱ ትምህርት ቤት። ሁሉም ቤቱ የራሱ ብቻ ይመስለዋል።»

«ቤቱ ቢቃጠልስ?»

«ተከራዩ ሳይነቃ ወደ ጎረቤት ቤት ይዛወራል። ግን የጎረቤቱ ቤት በሩም፣ ውሃውም፣ መብራቱም በዚያው ቦታ መሆን አለበት። አለበለዚያ ተከራዩ በጨለማ ግድግዳ ይመታል።»

ገባኝ። ብረቱን ያዝሁለት። ከጥቂት ወራት በኋላ ድርጅቱን ለምኖ ረዳቱ አደረገኝ። ደመወዜ ትንሽ ከፍ አለ፤ መታወቂያዬ ግን እስከ ዛሬ «ጽዳት» ይላል።

ድሮ እያንዳንዱን ሆስት በእጅ ነበር የሚያስተካክሉት። መሐንዲስ ሁሉ የየራሱ እጅ አለው፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ይጨምራል፣ ሌላው የጨመረውን ሦስተኛው ያጠፋል። ሲቆይ አንዱ ሆስት ከሌላው አይመሳሰልም። ስለዚህ ቴምፕሌት መጣ። ሥራው ቀላል ነው፦ አንዱን ሆስት ናሙና ታደርጋለህ፣ የእሱን አሠራር በሙሉ ትቀዳለህ፣ ቅጂውን ሌሎቹ ላይ ትጭናለህ። ስሙንና አድራሻውን ብቻ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ትሰጠዋለህ። ከዚያ ስክሪኑ ይመረምራል። እንደ ናሙናው የሆነው አረንጓዴ፣ የተለየው ቀይ ይሆናል። ቀዩን ለማስተካከል ተከራዮቹን ወደ ጎረቤት አስወጥተህ አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፤ ሆስቱ ጠፍቶ ሲነሣ እንደ ናሙናው ሆኖ ይነሣል።

መጀመሪያ እንዴት ወደድኩት! ለሁሉም አንድ ልክ፣ ለማንም ሳያዳሉ። ይህን ለሰውም ቢያደርጉት አልኩ። አንድ ቀን አንዱ ሆስት ቀይ ሆኖ አየሁና «ተጫነው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«መጀመሪያ ማን እንደለየው ልጠይቅ» አለ።

ደወለ፣ ጠየቀ። ለካ የክሊኒኩ አሮጌ የራጅ መሣሪያ ለብቻው የሚፈልገው ነገር ኖሮ፣ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው በእጁ አስተካክሎለት ሄዷል። ያን ጊዜ ተጭኖት ቢሆን ራጁ ይቆም ነበር።

«ስሚ ቼቺ፣ ቀይ ማለት ስህተት ማለት አይደለም፤ የተለየ ማለት ነው። አረንጓዴም ትክክል ማለት አይደለም፤ አንድ ዓይነት ማለት ነው» አለኝ።

ይህን ሲለኝ ወደድኩት። እንደ እኔ ተጠራጣሪ ሰው አገኘሁ አልኩ።

ልማዶቹ ብዙ ናቸው። ብረት ከመንካቱ በፊት ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ይከታል። አሠራር ሲቀይር አይቀመጥም፤ ወንበር አጠገቡ እያለ ቆሞ ነው የሚሠራው፤ «ከተቀመጥሁ ማመን እጀምራለሁ» ይላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፊ-ማፊ የምንለው ነበር። «ፊ» በዐረብኛ አለ፣ «ማፊ» የለም ነው። አዲስ ናሙና ሊቀዳ ሲል እሱ ስክሪኑ ፊት ይቆማል፤ እኔ ትኩስ አየር ወደሚወጣበት የሣጥኑ ጀርባ እሄዳለሁ። እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የግራ ኬብል!» ሲል፣ እጄን ኬብሉ ላይ አድርጌ «ፊ!» እላለሁ። «የቀኝ ኬብል!» «ፊ!»

ከእያንዳንዱ ሆስት ጀርባ ሁለት የኔትወርክ ኬብል ይወጣል፤ አንዱ ወደ ግራው ማከፋፈያ ሣጥን፣ አንዱ ወደ ቀኙ። አንዱ ሣጥን ቢጠፋ ሌላው እንዲሸከም ነው። እጄን ሳላስነካ «ፊ» ካልኩ ይታወቀዋል። «ቼቺ፣ ከአፍሽ ነው የመጣው» ብሎ እንደገና ያስጀምረኛል። ወጣቶቹ መሐንዲሶች የሚሉንን እሰማ ነበር፤ የገበያ ሻጭ ይመስላሉ ይሉናል።

የአዳራሹ ኃላፊ ሙዲር ሃመድ ነው፤ ሙዲር ማለት አለቃ ነው። ወጣት፣ ዲሽዳሻ የሚባለው ረጅም ነጭ ቀሚሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰላምታ የማያጓድል ሰው። ክፉ አልነበረም። እንግዳ ግን ይወዳል። ደንበኞች መጥተው እንዲያዩ ብሎ የአዳራሹን አንድ ግድግዳ በመስታወት አስቀየረ። ከመስታወቱ ጀርባ አንድ ሣጥን አቁሞ ሰማያዊ መብራት አስገባለት። በውስጡ አንድ አዲስ ሆስት አስቀመጠ፤ ተከራይ የሌለበት፣ ለዓይን ብቻ።

ከኋላው የሚወጡትን ኬብሎች ሲያይ «ይህ የተንጨባረረ ፀጉር ነው፤ ፎቶ ላይ ያስጠላል» አለ። ሠራተኞቹ አንዱን ኬብል ነቅለው አነሡት፤ የቀሩትን በጥቁር ማሰሪያ አሰሩ። እኔ ይህን ያየሁት ከመስታወቱ ውጭ ሆኜ፣ ወለል እየጠረግሁ ሳለ ነው። መጅሊስ ሠሩ አልኩ በልቤ።

በረመዳን አንድ ትልቅ ደንበኛ ሊጎበኝ ነው ተባለ። ሙዲሩ ስክሪኑን ሲያይ አረንጓዴው በቀይ ተዥጎርጉሯል። ቫርጊስን ጠርቶ በመስታወቱ ውስጥ ጠቆመው።

«ሁሉም እንደ መስታወቱ ሆስት ይሁኑ» አለው። «አዲስ ነው፣ ንጹሕ ነው። ከእሱ ቅዳ።»

የረመዳን የሥራ ሰዓት አጭር ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ለመድረስ ይቻኮላል። እኔ ጓንቴን አጥልቄ ወደ ሣጥኑ ጀርባ ልሄድ ስል ቫርጊስ ቁልፉን ሲጫን ሰማሁ።

«ፊ-ማፊ አንልም?»

«ኻላስ፣ በቃ ቼቺ፤ አዲስ ነው፣ ምን ይጎድለዋል?»

«አዲስ ስለሆነ ነው እንጂ የማላምነው።»

«አንቺ የትኛውን ነው የምታምኚው?» ብሎ ቀለደብኝ። ቀልዱ እውነት ስለነበረ ጓንቴን አወለቅሁ። በሚቀጥሉት ቀናት ተከራዮቹን ከሆስት ሆስት እያዛወረ ቴምፕሌቱን በሁሉም ላይ ጫነ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ። ደንበኛው መጣ፣ አየ፣ ተደነቀ፣ ሄደ።

እዚህ ላይ ዘይነባ ትግባ። እኔ ረዳት ስሆን በጽዳቱ በቦታዬ የተላከችው እሷ ናት። የከሚሴ ልጅ፣ ሠላሳ ያልሞላት፣ ወሬዋ የማያልቅ። ስታጸዳ ታንጎራጉራለች፤ ስገሥጻት «እትዬ አስካለ፣ እነዚህ ብረቶች የአንቺን ቁጣ ከቻሉ የእኔን ዘፈን አይችሉም?» ትለኛለች። በምግብ ሰዓት ጾም ለጾም እንጣላለን፤ የእኔ ሲገባ የእሷ ይወጣል።

ከኢድ በኋላ አንድ ጠዋት ዘይነባ አዳራሹን በመጥረጊያ ማሽን እየጠረገች ነበር። እኔ መጋዘን ነበርኩ። ስልኮች አንድ ላይ መጮኽ ጀመሩ። ሮጬ ስደርስ ቫርጊስ ቀድሞኝ ገብቷል። ሁምታው አልቆመም፤ ሆስቶቹ ሁሉ በሕይወት አሉ፤ ግን አንዳቸውም ከውጭ ጋር አይነጋገሩም። ክሊኒኩ የበሽተኛ ፋይል አይከፈትልኝም ይላል፣ ሕመምተኛው መስኮት ላይ ተሰልፏል ይላል። የግራው ማከፋፈያ ሣጥን ጨለማ ሆኗል። ሶኬቱ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ የዘይነባ ማሽን ገመድ ተዘርግቷል።

ቫርጊስ ሶኬቱን መልሶ ሰካው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁሉም ተመለሰ። ሙዲር ሃመድ ገመዱን አየ፤ ከዚያ ዘይነባን አየ።

«አንቺ ነሽ?»

«ወላሂ አልነካሁም! ገመዴ እዚያ ነበር እንጂ ሶኬቱን አልነካሁም!»

«ሌላ ሰው ነበር እዚህ?»

«ማፊ» አለች። በራሷ ላይ መሰከረች።

ነገሩ በዚያው ቀን ተቆረጠ። የጽዳት ድርጅቷ ተጠርቶ «ነገ ጠዋት ውሰዷት» ተባለ፤ ንብረት ያበላሸች ተብላ ወደ አገሯ ልትላክ ነው። እንዲህ ተብሎ የተመለሰ ሰው ሌላ ቀጣሪ አያገኝም። ዘይነባ ደግሞ ታናሽ እህቷን በነርስነት የምታስተምረው በዚሁ ሥራ ነው።

ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ አገኘኋት። እንባዋን በጓንቷ ትጠርጋለች።

«እውነቱን ንገሪኝ። ስበሽዋል?»

«አንቺም፣ እትዬ?»

«እኔም። ለእኔ ካልነገርሽ ለማን ትነግሪያለሽ?»

«አልሳብኩም አልኩ! ደግሞ ብስብስ? አንድ ሶኬት ነው እኮ፤ ክሊኒክ የሚያህል ነገር በአንድ ሶኬት ያንጠለጠለው ማነው?»

በንዴት ነው የተናገረችው። እኔን ግን ከቆምሁበት አነቃነቀኝ። የቀኙ ሣጥን እኮ አልጠፋም ነበር። መብራቱ ሲብለጨለጭ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ ቤቱ ሁለት በር ካለው፣ አንዱ ሲዘጋ ተከራዩ ሁሉ ለምን ውስጥ ታፈነ? እኔ መልሱን አላውቅም። የሚያውቀውን ሰው ግን አውቃለሁ።

ወደ አዳራሹ ስመለስ ቫርጊስ ስክሪኑ ፊት ነበር። ተቀምጧል። ስንት ዓመት አብሬው ስሠራ በሥራ ላይ ተቀምጦ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ተከራዮችን እያዛወረ ነው፤ አንዱ ሆስት ይጠፋል፣ ይነሣል፣ ከዚያ ቀጣዩ። አልጠራኝም። ትንሽ ቆይቶ ባትሪውን ይዞ የመስታወቱ ሆስት ጀርባ ገባና ሲወጣ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ዓይኑን ቀድሞ ያሸሸው እሱ ነው።

የሚያስተምረኝን ሰው መጠርጠር ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቅሁ። ሌላውን ስጠረጥር ብርታት ይሰማኛል። እሱን ስጠረጥር ግን ምነው በተሳሳትሁ አልኩ።

ከሥራ ስንወጣ ከግቢው ውጭ ካለው የከራክ ሻይ መሸጫ ጠብቄው ነበር። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ሁለት ሻይ አዘዝሁ።

«ዛሬ ተቀምጠህ ስትሠራ አየሁህ።»

«ደከመኝ ቼቺ።»

«ታመህ እንኳ ቆመህ ነበር የምትሠራው።»

ሻዩን አማሰለ። ከራክ ስኳሩ አብሮ ፈልቶ ነው የሚመጣው፤ የሚማሰል ነገር የለውም።

«የቀኙ ሣጥን አልጠፋም ነበር» አልኩት።

ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ እንደሚነቅል ሰው ተናገረ። «የመስታወቱ ሆስት የቀኝ ኬብል የለውም። ለፎቶ ተነቅሏል። ቴምፕሌቱ ያንን ቀዳ። ሌሎቹ ሆስቶች ላይ ኬብሉ እንደተሰካ ነው፤ ግን እንዲጠቀሙበት አልታዘዙም። ሁሉም በግራው ብቻ ነበሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ደግሞ ስክሪኑ አረንጓዴ ነው።» ቀና አለ። «አሁን አስተካክያለሁ። ዳግመኛ አይደርስም።»

«ዘይነባስ?»

«ሶኬቱን የነቀለችው እሷ ትሆናለች።»

«ትሆናለች። ጠርጥሬያታለሁ፣ ጠይቄያታለሁ። ግን ሶኬት ተነቀለ ተብሎ ክሊኒክ እንዳይቆም አይደል ሁለት ኬብል የተሰካው?»

«ቼቺ፣ የእኔም ቪዛ በዚያው ሰው እጅ ነው። ልጆቼ እዚህ ይማራሉ። ትልቋ ዘንድሮ ፈተና አለባት። ዘይነባ ሌላ ቦታ ታገኛለች፤ ጽዳት የትም አለ።»

ይህን ባይለኝ ኖሮ ምናልባት አዝንለት ነበር።

«ጽዳት የትም አለ?» አልኩት። «መታወቂያዬን ላውጣልህ? ምን እንደሚል ታነብልኛለህ?»

ሻዩን ከፊቱ ገፋው።

«ነገ ጠዋት ሙዲሩ ጋ እገባለሁ» አልኩ። «ስለ ቴምፕሌት አልናገርም፤ ብናገርም አይሰሙኝም። ያን ቀን ፊ-ማፊ አላልንም እላለሁ። ምን ማለት ነው ካሉኝ አንተን ጠይቁ እላለሁ። ከሳቁብኝ እስኪሰለቻቸው እደግመዋለሁ።»

«ትከሺኛለሽ?»

«ቀድመህ ከገባህ ምን ቀርቶኝ እከስሃለሁ?»

ሻዩን ሳይቀምስ ተነሥቶ ሄደ። እውነት ለመናገር አላመንኩትም። እስከ ጠዋት የሚያጠፋውን አጥፍቶ ይጠብቀኛል አልኩ።

በማግሥቱ ከሰርቪሱ እንደወረድሁ በቀጥታ ወደ ሙዲሩ ቢሮ ሄድኩ። የጽዳት ድርጅቱ ሰው የመኪና ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ቆሟል። ዘይነባ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ቫርጊስ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ገብቷል፤ ቆሟል። ሰዓቱን ፈትቷል።

«ሙዲር፣ አዳራሽ ድረስ ይምጡልኝ» ይል ነበር። «ያንን ሶኬት እርስዎ ራስዎ ይንቀሉት።»

«አብደሃል? ክሊኒኩስ?»

«ይንቀሉት።»

ሁላችንም ተከተልን። ሙዲር ሃመድ የዲሽዳሻውን ጫፍ ሰብስቦ ጎንበስ አለ፤ ሶኬቱን ያዘ፤ ቫርጊስን አየው፤ ነቀለው። የግራው ሣጥን ጨለመ።

ጠበቅን። ሁምታው እንደነበረ ነው። ስልክ የለም። ቫርጊስ ክሊኒኩ ጋ ደውሎ ድምፁን ለሁላችን ከፈተው። «ፋይል ይከፈትልሻል?» «አዎ፤ ምነው?» አለች አንዲት ሴት፤ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። ስልኩን ዘጋ።

«ያን ቀንም እንዲህ መሆን ነበረበት» አለ። «ማንም ሶኬት ቢነቅል፣ አይጥም ብትነቅለው። የወደቀው እኔ ናሙናውን ሳላረጋግጥ ስለቀዳሁ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።»

ድርጅቱ የላከው ሰው ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። ሙዲሩ ሶኬቱ በእጁ እንዳለ ቆሞ ቀረ።

«የአንተ ነው?»

«የእኔ።»

የሙዲሩ ፊት ሲቀልለው አየሁ። ጥፋቱ ባለቤት አግኝቷላ! እዚህ ላይ ነው ምላሴ ያልታሰረልኝ።

«ከመስታወቱ ሆስት ቅዳ ያለው ማነው?» አልኩ። «ፀጉር ይመስላል ብሎ ኬብሉን ያስነቀለውስ?»

«እኔ ከሌሎቹ ላይ ንቀሉ አላልኩም።»

«እመቤቴም ምርኩዝ አንሺ አላለችኝም ነበር።»

ማንም አልገባውም። ዘይነባ ብቻ በእንባዋ መሀል ፍርፍር ብላ ሳቀች፤ የሽማግሌውን ታሪክ መቶ ጊዜ ነግሬያታለሁ። ሙዲሩ ጆሮው ቀላ። የመጣውን ሰው «አንተ ሂድ፤ ልጅቷ ትቆያለች» አለውና ሶኬቱን እጄ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ዘይነባ እንዲህ ነው የተረፈችው። ቫርጊስ ግን አልተረፈም። ውሉ ሲያልቅ አላደሱለትም፤ ምክንያቱንም አልጻፉለትም። ልጁን አስፈትኖ ቤተሰቡን ይዞ አገሩ ገባ። ሙዲር ሃመድ የመስታወቱን ሆስት ኬብል አስመለሰ፤ በዓመቱ ወደ ከፍተኛ ቢሮ ተሾሞ ሄደ። እኔ ይህን ፍትሕ ነው ብዬ አልጽፍም። ሦስት ሰው በየድርሻው ሊጠየቅበት የሚገባ ነገር ነበር፤ የተጠየቀው እውነቱን የተናገረው ብቻ ነው። ቫርጊስ አልፎ አልፎ ከኬረላ የድምፅ መልእክት ይልክልኛል። ተቀይሞኝ እንደሆነ ከድምፁ ለመለየት ደጋግሜ እሰማዋለሁ። እስካሁን አልለየሁም።

አሁን በእኔ ቦታ የሣጥኑ ጀርባ የምትቆመው ዘይነባ ናት። «ፊ!» ስትል ከእኔ ይልቅ ድምፅ አላት።

ትናንት ሻንጣዬን ልታስርልኝ ክፍሌ መጣች። ጉልበቷን ሻንጣው ላይ ጭና ገመዱን እያዞረች ሳለ ድንገት ለቀቀችው።

«እትዬ፣ ያን ቀን ሶኬቱ…»

«ተዪው።»

«ልነግርሽ እኮ ነው።»

«አልጠየቅኩሽም።»

«ጠይቀሽኝ ነበር! ጓንቴ ላይ እያለቀስኩ፣ እንደ ፖሊስ።»

«ያን ጊዜ ጠየቅሁ። አሁን አልጠይቅም።»

«ሰው ሁሉ ላይ ምርመራ ስትከፍቺ ኖረሽ ይህን እንደተንጠለጠለ ትተሽው ልትሄጂ?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። «ነቅለሽው ከሆነ፣ ያ ሰው ለጥፋተኛ ሲል ከሥራው ወጣ እላለሁ» አልኳት። «ካልነቀልሽው ደግሞ፣ ንጹሕ ስለሆነች ተረፈች እላለሁ። ሁለቱም ውሸት ነው። ስለዚህ አትንገሪኝ።»

 ከዚያ ራሷን ነቀነቀችና እግሯን ሻንጣው ላይ አስደግፋ የገመዱን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘች።

«እሺ፤ ይህንን ግን የምስበው እኔ ነኝ፤ እያየሽ» አለችና፣ ሻንጣው እስኪያቃስት ድረስ ሳበችው።